ወባ ያልሆነው ወባ

ጎንደር ውስጥ ትኩሳት የያዘው ሰው ጤና ጣቢያ ሳይደርስ ምርመራው ያልቃል። አዘዞ ያለችው አክስቴ በረንዳዋ ላይ ቁጭ ብላ ሁለት ጥያቄ ትጠይቃለች። «ያንቀጠቅጥሃል?» «ቆላ ወርደህ ነበር?» ለሁለቱም አዎ ካልክ ወባ ነው። ለአንዱ ብቻ አዎ ካልክም ወባ ነው። ሁለቱንም አይደለም ካልክ «እንግዲያው ታይፎይድ ነዋ» ትልና ነጭ ሽንኩርት መላጥ ትጀምራለች።

አልፈርድባትም። ብዙ ጊዜ ልክ ናት። እኔ ራሴ ባዮሎጂ አስተማሪ ሆኜ ሰውነቴ ሲቆራረጥ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ እሷ የምትለው ነው። ይህ ጽሑፍ ግን ሁሉም ሰው፣ ታማሚውም አካሚውም፣ አንድ ላይ ስለተሳሳተበት ጊዜ ነው። ስህተቱ የታወቀው በግንቦት 1997 ዓ.ም. ነው፤ ሩቅ አይደለም። በዚያው ወር አገሩ ሁሉ ስለ ምርጫ ያወራ ስለነበር ከጤና ባለሙያዎች ውጭ ብዙ ሰው ልብ ያለው አይመስለኝም።

ቦታው ሊቦ ከምከም ነው። ከጎንደር ወደ ባህር ዳር የሚሄድ ሰው ማክሰኝትንና እንፍራንዝን አልፎ አዲስ ዘመን ሲደርስ ወረዳው ውስጥ ገብቷል። አዲስ ዘመን የወረዳው ዋና ከተማ ናት። ሚኒባስ ቆም ሲል የሚበላ ነገር የያዙ ልጆች መስኮቱን ይከቡታል። ከከተማዋ ወደ ጣና በኩል ሜዳው ይዘረጋል። ጥቁር ዋልካ አፈር ነው፤ ሸዋዎች መረሬ የሚሉት። ክረምት ላይ እግር ይውጣል፣ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሠራል። እዚህም እዚያም ግራር ቆሟል። ግራሩንና ስንጥቁን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባቸዋለሁ።

ትኩሳቱ

ከ1997 በፊት ባሉት ዓመታት በነዚህ መንደሮች ሰው በትኩሳት ይወድቅ ጀመር። የገበሬው ቋንቋ ለዚህ ጥሩ ቃል አለው፤ ንዳድ። ንዳድ ግን ሲመጣ ያንቀጠቅጣል፣ ያልባል፣ ይለቃል፣ ተመልሶ ይመጣል። ሰው ጠባዩን ያውቀዋል። ይኸኛው ጠባይ አልነበረውም። ሳምንት ቆየ፤ ወር ቆየ። ታማሚው ይከሳል። እጅና እግሩ እንጨት ሲሆን ሆዱ ይቆዘራል። በግራ ጎኑ ከጎድን አጥንቱ ሥር ጠጣር ነገር ይዳሰሳል፤ ያበጠ ጣፊያ ነው። አፍንጫው ይደማል። ፊቱ ይገረጣል። እህል ያስጠላዋል። በመጨረሻ ሳል ወይም ተቅማጥ ይመጣና ይዞት ይሄዳል።

የወባ መድኃኒት ተሰጠ። አልሠራም። ከዚህ የተወሰደው ድምዳሜ ደግሞ «ወባው መድኃኒቱን ለምዷል» የሚል ሆነ።

ይህን ድምዳሜ ዛሬ ላይ ቁጭ ብሎ መሳቅ ቀላል ነው። እኔ ግን በዚያ ሰዓት እዚያ ብሆን ያንኑ እል ነበር። የጣና ዙሪያ ሰው ከወባ ጋር ያለው ታሪክ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያ ላይ የተነሳው ወባ በሺዎች ገደለ። በዓመቱ ጎንደር ላይ የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ ተከፈተ፤ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንለው ከዚያ የበቀለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ ወባ ደጋውን ሳይቀር አጥለቀለቀው። በአገር ደረጃ ሦስት ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሌላ ትልቅ ወረርሽኝ መጣ። ፋንሲዳር የሚባለው መድኃኒት በእርግጥም መሥራት እያቃተው ስለነበር አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ ኮአርተም ዞረች። ስለዚህ «መድኃኒት የለመደ ወባ» የሚለው ሐረግ ከሰማይ የወረደ አልነበረም። በየጤና ጣቢያው የሚወራ እውነት ነበር። እውነት የሆነ ነገር ደግሞ ካለ ቦታው ሲገባ ከውሸት ይልቅ ያሳስታል።

መድኃኒት አልሠራ ሲል ሦስት ምክንያት ሊኖር ይችላል። ተሕዋሲው ለምዶታል፤ ወይ መድኃኒቱ የተበላሸ ወይ በአግባቡ ያልተወሰደ ነው፤ ወይ ደግሞ ከመጀመሪያውም ተሕዋሲው ሌላ ነው። ሦስተኛው ለአካሚው ከሁሉ ይከብዳል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጥፋቱን በወባው ወይም በክኒኑ ላይ ይጥላሉ። ሦስተኛው «ተሳስቻለሁ» ማሰኘቱ ነው።

ተሕዋሲው ምን ይፈልጋል?

እዚህ ጋ ከሊቦ ከምከም ወጣ ብዬ ወደ ክፍሌ ልግባ። ተማሪዎቼን «ፓቶጅን ምንድን ነው?» ስላቸው መልሱን በቃላቸው ይወርዱታል። በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ማለት ቫይረስ፣ ባክቴሪያ፣ ፈንገስና ጥገኛ ተሕዋሲ ናቸው። ልክ ነው፤ አሥር ከአሥር። «እሺ፣ እንዴት ነው የሚያሳምሙት?» ስል ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። አንዱ ደፈር ብሎ «ሰውነት ውስጥ ይገቡና...» ብሎ ያቆማል።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት አብዛኛው ረቂቅ ተሕዋሲ ስለ እኛ ደንታ እንደሌለው ነው። እርሾው ውስጥ ያሉት ባይኖሩ እንጀራ የለም፣ ጠላ የለም፣ እርጎም የለም። አንጀታችንም በባክቴሪያ የተሞላ ነው፤ ተስማምተን እንኖራለን። በሽታ አምጪ የምንለው ጥቂቱን ነው። እሱም ቢሆን እኛን ለመግደል ብሎ አይመጣም። የሚበላው፣ የሚራባበትና ወደ ሌላ ሰው የሚሻገርበት መንገድ ይፈልጋል። እኛ የምንታመመው እሱ ይህን ሲሠራ ነው።

አሠራሩ ደግሞ የየራሱ ነው። የኮሌራ ባክቴሪያ ሕዋሳችን ውስጥ አይገባም እንኳ። ትንሿ አንጀት ላይ ተጣብቆ መርዝ ይረጫል። መርዙ የአንጀቱን ሕዋሳት ያታልልና ውሃና ጨው ወደ ውጭ ያስለቅቃቸዋል። ሰውየው የሚሞተው ውሃ አልቆበት ነው። ለዚህ ነው ውሃና ጨው መተካት ብቻ ብዙ ሰው የሚያድነው። ሳንባ ነቀርሳ ሌላ ነው። እሱ ቀስ ብሎ ይደበቃል፤ ሳንባን ከሚያበላሸው ብዙው የራሳችን መከላከያ ከሱ ጋር ሲታገል የሚፈጥረው ጉዳት ነው። ኤችአይቪ ደግሞ የመከላከያውን አዛዦች ራሳቸውን ይመታል።

ወባ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ይገባል። ትንኟ ስትነድፍ የምታስገባው ተሕዋሲ መጀመሪያ ጉበት ሄዶ ይራባል። ከዚያ ወደ ደም ይወጣና ቀይ ሕዋሱን ቤቱ ያደርገዋል። ውስጡ ያለውን ሄሞግሎቢን ይበላል። ሲጠግብና ሲበዛ ቤቱን አፍርሶ ይወጣል፤ እኛ ዘንድ በብዛት በሚገኙት ሁለቱ የወባ ዓይነቶች ይህ በ48 ሰዓት አንዴ ነው። ሕዋሱ ሲፈነዳ የሚለቀቀው ቆሻሻ ነው ብርድ ብርድ የሚያሰኘውና የሚያንዘፈዝፈው። የንዳድ ጠባይ የምንለው ይህ ነው፤ የተሕዋሲው የምግብ ሰዓት።

ኮአርተምም የሚመታው እዚሁ ላይ ነው። ተሕዋሲው ሄሞግሎቢኑን ሲፈጭ ብረት የያዘ ትርፍ ይቀራል። አርቲሚተር የሚባለው የመድኃኒቱ ክፍል ይህን ብረት ሲያገኝ ይነሳሳና ተሕዋሲውን ያቃጥለዋል። ወባው በራሱ እራት ይመረዛል በሉት።

አሁን ወደ ሊቦ ከምከም እንመለስ። በነዚያ ሰዎች ሰውነት ውስጥ የነበረው ተሕዋሲ ከነጭራሹ ቀይ ሕዋስ አይነካም። ስሙ ሌይሽማኒያ ዶኖቫኒ ነው። የሚያመጣው በሽታ ካላዛር ይባላል። የምታስተላልፈው ትንኝ አይደለችም፤ የአሸዋ ዝንብ ናት። ርዝመቷ ሦስት ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ የትንኝ ሲሶ ገደማ ናት። ስትቀመጥ ክንፏን ወደ ላይ ቀስራ ነው። ስትበር ድምፅ የላትም። ጆሮ ሥር መጥታ «ዝዝዝ» ስለማትል ማታ ማታ ማን እንደነደፈው የሚያውቅ ሰው የለም።

ዝንቧ ስትነድፍ ጅራት ያለው ተሕዋሲ ከምራቋ ጋር ቆዳ ውስጥ ትተፋለች። ሰውነት ወዲያው ያውቃል። የሰውነት ጽዳት ሠራተኛ የሆነው ትልቁ ነጭ የደም ሕዋስ ይደርስና ይውጠዋል። ተራ ባክቴሪያ ቢሆን ነገሩ እዚህ ያልቃል፤ በአሲድና በኢንዛይም ተፈጭቶ ይጠፋል። ሌይሽማኒያ ግን መዋጡን ነው የሚፈልገው። ውስጥ ሲገባ ጅራቱን ይጥላል፣ ይድቦለቦላል፣ በአሲዱ መሃል ተመቻችቶ ይቀመጣል። ከዚያ ለሁለት ይከፈላል፤ አራት ይሆናል፤ ስምንት ይሆናል። ሕዋሱ ሲሞላ ይፈነዳል። የወጡትን ሌሎች ነጭ ሕዋሳት ይውጧቸዋል። ሌባ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ቤት ተከራየ እንደማለት ነው።

ነጭ ሕዋሳቱ የሚሰበሰቡት የት ነው? ጣፊያ፣ ጉበትና መቅኔ ውስጥ። ስለዚህ ጣፊያ ያብጣል፤ አንዳንዱ ሰው ላይ እስከ እምብርት ይደርሳል። ያበጠ ጣፊያ የሚያልፈውን ደም ይይዛል። መቅኔ ደግሞ የደም ፋብሪካችን ነው፤ ተሕዋሲው ሲወርረው ምርቱ ይወርዳል። ቀይ ሕዋስ ሲያንስ ሰው ይገረጣል። ደም የሚያረጋው ሲያንስ አፍንጫ ይደማል። ነጩ ሲያንስ ሳንባ ምች፣ ቲቢ፣ ተቅማጥ በሩን ክፍት ያገኛሉ። ካላዛር ብዙ ጊዜ በራሱ እጅ አይገድልም፤ በሩን ከፍቶ ለሌላ ይሰጣል። ካልታከመ ከመቶ 95 በላይ የሚሆነው ይሞታል።

ኮአርተሙ ለምን እንዳልሠራ አሁን ግልጽ ነው። ወባው አልለመደውም። መድኃኒቱ የሚፈልገው የሄሞግሎቢን ማዕድ እዚያ አልነበረም።

ያሳሳተው ምልክትም ግልጽ ይሆናል። ወባም ሲመላለስ ጣፊያ ያሳብጣል፤ ወባም ያገረጣል። በዚያ ላይ የሌይሽማኒያ ተሕዋሲ ጣት ተወግቶ በሚወሰድ ደም ውስጥ ማግኘት በጣም ያስቸግራል። ወባ ለመፈለግ በተሠራ ስላይድ ላይ አይታይም። ይባስ ብሎ ሰውየው ሁለቱም ሊኖሩበት ይችላሉ። ስላይዱ ላይ ወባ ከተገኘ ማን ሌላ ይፈልጋል?

እዚህ ጋ አንድ ሰው ልጥቀስ፤ የእኛን አገር ባለሙያ ብቻ እንዳንወቅስ። ሮናልድ ሮስ ወባን ትንኝ እንደምታስተላልፍ ያረጋገጠ፣ ለዚሁም እ.ኤ.አ. በ1902 ኖቤል የተሸለመ ሐኪም ነው። ይኸው ሰው በ1898 ህንድ ውስጥ አሳም ተልኮ ካላዛርን መረመረ። ድምዳሜው ምን ነበር? ከወባ የመጣ ነው። በዓለም ላይ ከሱ በላይ ወባን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ሳይሆን አይቀርም ያሳሳተውም ይኸው ነው። በ1903 ሌይሽማን የተባለ ሐኪም ከአንድ የሞተ ወታደር ጣፊያ፣ ዶኖቫን የተባለ ሌላ ሐኪም ደግሞ ማድራስ ውስጥ ለየብቻቸው ተሕዋሲውን ማግኘታቸውን አስታወቁ። የሁለቱን ስም አጣምሮ ያወጣለት ሮስ ራሱ ነው። ስህተቱን በዚህ መልኩ ካሰው።

ስሙ ሲታወቅ

ሊቦ ከምከም ላይ ካላዛር መሆኑ የታወቀው በግንቦት 1997 ነው። ምርጫው ግንቦት 7 ነበር። ድንበር የለሽ ሐኪሞች አዲስ ዘመን ላይ ከከፈቱት ማከሚያ የተገኘው የታካሚዎች መዝገብ ግንቦት 17 ይጀምራል። በአካባቢው ሌላ ካላዛር የሚታከምበት ቦታ አልነበረም።

ምርመራው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አርኬ39 የሚባለው ፈጣን ምርመራ ነው። የወረቀት ቁራጭ ናት። ጠብታ ደም፣ ጥቂት ፈሳሽ፣ ደቂቃዎች መጠበቅ። አንድ መስመር ከወጣ የለም፤ ሁለት ከወጣ አለ። ወረቀቷ ተሕዋሲውን አታይም፤ ሰውነት በሱ ላይ የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው የምታየው። ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ አይደለም።

ሁለተኛው ቀጭን መርፌ ጣፊያ ውስጥ አስገብቶ በሰከንዶች ውስጥ ማውጣት ነው። ጣፊያ ደም ያዘለ ስለሆነ ቀልድ አይደለም፤ ደሙ የሚረጋ መሆኑ አስቀድሞ ይታያል፣ እጁ የለመደ ሰው ይሠራዋል። ከመቅኔም ይወሰዳል። የተገኘችው ጠብታ ብርጭቆ ላይ ተቀብታ በጊምሳ ቀለም ትነከራለች።

ተማሪ ሳለሁ እንዲህ ያለ ስላይድ አይቻለሁ። መጀመሪያ ምንም አይገባም፤ ሐምራዊና ሮዝ የተደፋበት ጨርቅ ይመስላል። አስተማሪያችን መጡና «ነጥብና ሰረዝ ፈልግ» አሉኝ። ፈለግኩ። ድንገት ታየኝ። ትንሽ ሞላላ ነገር፣ ውስጡ አንድ ደማቅ ነጥብ፣ ከነጥቡ አጠገብ አጭር ሰረዝ። ነጥቡ ኒውክለሱ ነው፤ ሰረዙ ኪኔቶፕላስት ይባላል፣ የራሱ ዲኤንኤ ያለው ክፍል። መጠኑ ከ2 እስከ 4 ማይክሮን ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ራሱ 7 ገደማ ነው። አንዱን ካየሁ በኋላ አሥሩን አየሁ፤ ከዚያ አንድ ነጭ ሕዋስ ውስጥ እንደ ማሽላ ፍሬ ታጭቀው አየኋቸው። ጨርቅ የመሰለኝ ሁሉ እነሱ ነበሩ። ለካ ዓይን የሚያየው የተነገረውን ነው። ነጥብና ሰረዝ ባይሉኝ እስከ ማታ አፍጥጬ ባዶዬን እወጣ ነበር።

ለአክስቴም ከዚህ ታሪክ በኋላ ሦስተኛ ጥያቄ ጨመርኩላት። «ሁለት ሳምንት አልፎሃል?» ካላዛር ባለበት አገር ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት፣ ያበጠ ጣፊያና መክሳት ካለ ካላዛር ይጠረጠራል። ተቀብላኛለች። ነጭ ሽንኩርቱን ግን አልተወችም።

ማን ታመመ፣ ማን ሞተ

የማከሚያው መዝገብ ከግንቦት 17 ቀን 1997 እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 2000 ያለውን ይይዛል። ከታካሚዎቹ 77.6 በመቶ ወንዶች ናቸው። መካከለኛ ዕድሜያቸው 18 ነው፤ ማለትም ግማሾቹ ከ18 ያልበለጡ ናቸው። የሞቱት 4 በመቶ ናቸው። ካልታከመ ሁሉም ማለት ይቻላል ለሚሞትበት በሽታ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሕክምናው ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ። ያኔ የተለመደው ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት የሚባል መርፌ ነበር፤ በየቀኑ፣ ለ30 ቀን። ሥሩ አንቲሞኒ ነው፤ በጥንት ዘመን ኩል የሚሠራበት ማዕድን። ልብንና ቆሽትን ሊጎዳ ይችላል፤ መርፌውም ያማል። ከዚያ በኋላ ፓሮሞማይሲን ከሚባል ሌላ መርፌ ጋር ተጣምሮ ወደ 17 ቀን አጠረ። አንድ ገበሬ ሠላሳ ቀን ከቤቱ ጠፍቶ አልጋ ላይ ሲቆይ እርሻው ምን እንደሚሆን የሚያውቀው ያው ገበሬው ነው።

የሞቱትን ካያችሁ ተሕዋሲው እንዴት እንደሚሠራ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። 45 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑት ከ5 እስከ 29 ዓመት ካሉት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው አምስት እጥፍ ነበር። ኤችአይቪ ያለበት፣ ቲቢ ያለበት፣ ሳንባ ምች የያዘው፣ ሰውነቱ ውሃ የቋጠረ፣ በጣም የከሳ፣ የሚያስመልሰው፤ እነዚህ ናቸው የበለጠ የሞቱት። በሩ ተከፍቶ ሌላው የገባባቸው ማለት ነው።

መክሳቱን በተለይ ልብ በሉት። በሌይሽማኒያ ከሚያዙ ሰዎች ብዙዎቹ ከነጭራሹ አይታመሙም። ተሕዋሲው ይገባል፣ ነጭ ሕዋሳቱ ይነቁበታል፣ ያፍኑታል፤ ሰውየው ሳያውቅ ያልፋል። የሚወድቀው በአብዛኛው የተራበ፣ ሕፃን ወይም በሌላ በሽታ የደከመ ነው። ስለዚህ «ተሕዋሲው በሽታ አመጣ» የሚለው የመማሪያ መጽሐፍ ዓረፍተ ነገር ግማሽ እውነት ነው። ግማሹን ጎተራው ውስጥ ፈልጉት።

ከየት መጣ?

እዚህ ላይ በሙሉ ልብ መናገር የሚቻለውና የማይቻለው ይለያያል። ካላዛር በሰሜን ምዕራብ ያለው ቆላ ላይ ነው፤ መተማና ሁመራ። እዚያ የሚታመመው በአብዛኛው ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ከደጋ የሚወርደው ወጣት ወንድ ነው፤ ሳሉግ የሚሉት። ሰሊጥ ማሳ ዳር ይተኛል፣ ይነደፋል፣ ገንዘቡን ይዞ ይመለሳል። ከተነደፈ በኋላ ሕመሙ ለመውጣት ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ይፈጃል። አገሩ ገብቶ፣ ሰርግ በልቶ፣ ማረስ ከጀመረ በኋላ ነው የሚወድቀው። ማን ዝንቧን ያስታውሳል?

የሊቦ ከምከም ሰዎችም ወደዚያ ይወርዳሉ። ስለዚህ በጣም የሚያስኬደው ግምት ተሕዋሲው በሰው ደም ተጭኖ መጥቷል የሚለው ነው። ሆኖም በሽታው ተመላሾቹ ላይ ቢቀር ኖሮ መዝገቡ የጎልማሳ ወንዶች ስም ብቻ ይሆን ነበር። ግማሹ ከ18 ያልበለጠ ከሆነ ግን ብዙው የተነደፈው እዚያው መንደሩ ውስጥ ነው። ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ዝንቧ ነበረች ማለት ነው። የጎደላት ተሕዋሲው ብቻ ነበር።

አጥኚዎች 171 ታማሚዎችን ካልታመሙ 171 ሰዎች ጋር አነጻጸሩ። ሦስት ነገሮች ተለይተው ወጡ። ሌሊት ውጭ የመተኛት ልማድ። ቀን ግራር ሥር መተኛት። ውሻ ማሳደር። ያዙልኝ ያልኳችሁን ግራርና ስንጥቅ አሁን አውጧቸው። በቆላው ካላዛር የምታስተላልፈው ዝንብ የምትወደው ግራርና ስንጥቅ ያለው ጥቁር አፈር ነው። ስንጥቁ ውስጥ ጥላና እርጥበት አለ፤ ቀኑን እዚያ ትውላለች። እረኛው ደግሞ ፀሐይ ሲከርርበት የት ይሄዳል? ያው ግራር ሥር። ማሳ የሚጠብቀው ልጅ ሌሊት የት ይተኛል? ውጭ። ወንዶቹ ለምን እንደበዙ ምክንያቱ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ውሻው ግን ተጠርጣሪ እንጂ ጥፋተኛ አልተባለም። በመንደሮቹ ከተመረመሩት ውሾች 7ቱ፣ ማለትም 3.8 በመቶ፣ ፀረ እንግዳ አካል ተገኝቶባቸዋል። ውሻ ተነድፏል ማለት ውሻ አስተላልፏል ማለት አይደለም። ምናልባት ውሻው ዝንቧን ወደ ግቢ የሚስብ ብቻ ይሆናል። ይህን የምለው በዚህ ዓይነት ወሬ ውሻ የሚጨርስ ሰው ስለማውቅ ነው።

አጎበርስ? በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ይረዳል፤ ግን አጎበር ውስጥ ለሚተኛ ሰው ነው። ከብት ጋር ለሚያድር ልጅ አጎበሩ ቤት ተሰቅሎ ነው የሚቀረው።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ እንዳላልፍ። ጎንደሬ ቁንጭር የሚለው የፊት ቁስልም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ወሎ ሻሂኝ ይሉታል። ተሕዋሲው ግን ሌላ ዝርያ ነው፤ የሚኖረውም ሽኮኮ ላይ ነው። እሱ ቆዳ ላይ ይቀራል እንጂ ጣፊያ ድረስ አይወርድም። ቁንጭር ያለበት ሰው ካላዛር ይይዘኛል ብሎ እንቅልፍ አይጣ።

ከዚያ ወዲያ

ወረርሽኙ ጫፍ የደረሰው በ1998 መጀመሪያ ወራት፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ሁለት ወረዳ አዳረሰ። ከዚያ ወረደ፤ ግን አልጠፋም። በ2000 ዓ.ም. መግቢያ ላይ እዚያው ሥር የሰደደ፣ የሚመላለስ በሽታ ሆኖ ተቀመጠ። እንግዳው ባለአገር ሆነ።

ዛሬ ጎንደር ሆስፒታል ውስጥ ለዚህ በሽታ የተለየ የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለ። ከመተማ የሚመጣውም ከዚህ ከደጋው የሚመጣውም እዚያ ይገናኛል። ከሁሉም የሚያስቸግረው ኤችአይቪም ያለበት ሰው ነው። አንዱ ተሕዋሲ የመከላከያውን አዛዥ ይመታል፣ ሌላው ወታደሩ ሆድ ውስጥ ይኖራል። መድኃኒቱ ተሕዋሲውን ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ የሚጠርገው የራሱ የሰውየው መከላከያ ነው። ያ ሲደክም ካላዛሩ ያገረሻል፤ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ለነዚህ ሰዎች የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 አምቢሶምና ሚልቴፎሲን የሚባሉ ሁለት መድኃኒቶች ተጣምረው እንዲሰጡ መክሯል።

ሲያገረሽ ደግሞ ያቺ ፈጣን ወረቀት አትረዳም። አንዴ ታሞ የዳነ ሰው ደም ውስጥ ፀረ እንግዳ አካሉ ለወራት፣ አንዳንዱ ላይ ለዓመታት ይቆያል። በ1998 አዲስ ዘመን ላይ ሠላሳ መርፌ ተወግቶ የዳነ ልጅ ከዓመታት በኋላ ትኩሳት ቢይዘው፣ ወባም ይሁን ታይፎይድ፣ ወረቀቷ ሁለት መስመር ልታወጣ ትችላለች። ስለዚህ ምርመራው «ከዚህ በፊት ካላዛር ታክመህ ታውቃለህ?» በሚል ጥያቄ ይጀምራል። አዎ ካለ ወረቀቷ ወደ ጎን ትደረግና መርፌው ወደ ጣፊያው ይሄዳል፤ ነጥብና ሰረዝ ፍለጋ።